መንታ መንገድ ላይ የጠፋው ኦርኬስትራ

በአንድ ወቅት፣ ሐይቅ ዳር በተቆረቆረች አንዲት ከተማ፣ ሰው በቫዮሊን ሁለተኛ ዲግሪ የሚይዝበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበር። የከተማው ሰው ይህን መጀመሪያ ሲሰማ ሳቀ። «ሠርግ ላይ ለመጫወት አንደኛው ዲግሪ አነሰ?» አለ። ኋላ ግን ትምህርት ቤቱ በአሮጌው ሲኒማ ቤት በየዓመቱ የሚያቀርበውን ኮንሰርት ለመደና፣ ሳቁን ትቶ ወንበር ይሻማ ጀመር።

ትምህርቱ ሁለት ዘርፍ ነበረው። አንደኛው ፊት ለፊት ብቻን ቆሞ መጫወት ነው፤ ኦርኬስትራው ሁሉ ከኋላ ሆኖ አንዱን ሰው ያጅባል። ሁለተኛው በኦርኬስትራው ውስጥ መጫወት ነው፤ ከብዙ ሰው ጋር ተቀምጦ እንደ አንድ ሰው መተንፈስ። የፊተኛውን የሚማሩት የኋለኞቹን «መንጋ» ይሏቸዋል። የኋለኞቹ ደግሞ የፊተኞቹን «ሙሽሮች» ይሏቸዋል። እንዲህ ተሰዳድበው ሻይ አብረው ይጠጣሉ።

ሁለቱንም ዘርፍ የሚያስተምሩት፣ ኦርኬስትራውንም የሚመሩት መምህር አስፋቸው ነበሩ። መምህር አስፋቸው ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ጥንቁቅ ሲባል እንዲያው በዋዛ አይደለም፤ በጥር ወር ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ፤ ቤታቸውን ቆልፈው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተመልሰው በሩን ገፋ ያደርጉታል። ኦርኬስትራ ሲመሩም ኖታውን ፊታቸው ዘርግተው፣ ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ገጽ በገጽ ይገልጣሉ። ሙዚቃውን በቃላቸው ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። «ማወቅ ሌላ ነው፣ ራስን ማመን ሌላ ነው» ይላሉ።

ለተማሪዎቻቸውም ያለማቋረጥ የሚደጋግሙት ሕግ ነበራቸው።

«ብቻህን የምትጫወት ከሆንክ የተጻፈውን ተጫወት፤ ከኪስህ አትጨምር። የመጀመሪያው ወንበር ላይ የምትቀመጥ ከሆንክ ዓይንህን ከመሪው ላይ አትንቀል፤ ሌላው ሁሉ አንተን ያያልና። ኋላ የምትቀመጥ ከሆንክ ደግሞ ብቻህን አትግባ። ሰው ሁሉ ዝም ባለበት አንዲት ድምፅ ካመለጠችህ፣ የሁለት ዓመት ልፋት በእሷ ይበላሻል።»

በዚያ ዓመት በቫዮሊን የሚመረቁት ሦስት ነበሩ። አንዳቸውንም እንዳንበድል በተራ እንያቸው።

ሕሊና የሙሽሮች ወገን ናት። ድምፅ ያስተጋባል ብላ ደረጃ ሥር ገብታ ትለማመዳለች፤ የሚወጣና የሚወርደው ሰው ሁሉ አናቷ ላይ ሲረግጥ አትሰማም። ዓይኗን ከጨፈነች ዓለም ቢገለበጥ ግድ የላትም። መምህሯ ብዙ ጊዜ «ልጄ፣ ኖታው ላይ የሌለ ነገር ሰማሁ» ይሏታል። እሷም «ጋሼ፣ እኔም ሰማሁት፤ ደስ አይልም?» ትላለች።

ፍሬው የመንጋው አውራ ነው። በኦርኬስትራው ውስጥ የመጀመሪያው ወንበር የእሱ ነው፤ ከመሪው ቀጥሎ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው። ደጋኑን ሲያነሳ ሁሉም ያነሳል፣ ትንፋሽ ሲስብ ሁሉም ይስባል። ክላሪኔት የምትጫወተዋ ልጅ «ፍሬው ካዛጋ እኛም አዛግተን ነው የምንጀምረው» እያለች ትቀልዳለች። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቃሉም እንደ ሸሚዙ ነው።

ጉደታም ከመንጋው ነው፤ ግን ወንበሩ የመጨረሻው ነው፣ በሩ አጠገብ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን፣ ሁሉም ዝም ሲል እሱ ሳት ብሎት አንዲት ድምፅ አምልጣው ነበር። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ሳይነጋ ጮኸ ብለው «ዶሮው» አሉት። ስሙ ወጣለት። እሱ ግን አልተቀየመም፤ ከእንግዲህ ብቻዬን አልገባም ብሎ ጆሮውን አሾለና ቁጭ አለ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሁሉንም ጀርባ ያያል፣ የሁሉንም ድምፅ ይሰማል።

ሦስቱም አንድ ችግር ነበረባቸው። የሚጫወቱበት ቫዮሊን የትምህርት ቤቱ ነው። ሲመረቁ ዲግሪውን ይቀበላሉ፣ ቫዮሊኑን ያስረክባሉ። ስለዚህ ያ የምረቃ ወር ለእነሱ እንደ ሠርግም እንደ ለቅሶም ነበር። ቫዮሊን የሌለው የቫዮሊን ምሩቅ ምን ይባላል? በሬ የሌለው አራሽ።

መምህር አስፋቸው ግን የራሳቸው ቫዮሊን ነበራቸው። አገጫቸው የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ለቅቋል። ወፍራሙ ክር ሲነካ፣ የባለቤታቸው የወይዘሮ አልጋነሽ ብርጭቆዎች ቁም ሣጥን ውስጥ ሆነው ያጉረመርማሉ። በከተማው እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሌላ ቫዮሊን የለም። ነገር ግን የመምህሩ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ አብጦ፣ ዘንግ ይዞ ከመምራት በቀር ክር መጫን ካቃታቸው ቆይቷል። ልጅም የላቸውም። ስለዚህ ከኮንሰርቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ልምምድ፣ ሳጥኑን ይዘው መጡና በሁሉም ፊት ተናገሩ።

«ይህ የመጨረሻ ኮንሰርቴ ነው፤ ጡረታ እወጣለሁ። ቫዮሊን ሰው ካልተጫወተበት ድምፁ ይተኛል፤ የእኔ እንዲተኛ አልፈልግም። ከሦስቱ ተመራቂዎች ለአንዱ እሰጠዋለሁ። የእሑዱ ሙዚቃ ከዳር የደረሰው በማን እንደሆነ አያለሁ፤ ቫዮሊኑ የዚያ ሰው ነው።»

ሦስቱ ተያዩ። ሁሉም ሰው በልቡ «እንግዲህ የሕሊና ነው» አለ፤ ፊት ቆማ የምትጫወተው እሷ ናትና።

አሁን ስለ ሙዚቃው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ሙዚቃው ለአንድ ቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የተደረሰ ኮንሰርቶ ነው፤ ባቲ ቅኝት ላይ የተሠራ። በውስጡ አንድ ዋና ዜማ አለ። ዜማው ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ እንደ መንትያ። መጨረሻው ላይ ብቸኛዋ ተጫዋች አንድ ከፍ ያለ ረጅም ድምፅ ትይዛለች። እዚያ ላይ መንገዱ ይለያል። የመጀመሪያው ጊዜ ከሆነ ወደ ጭፈራው ይገባል፤ ከበሮው፣ ትራምፔቱ፣ ቫዮሊኖቹ ሁሉ ይዘላሉ። ሁለተኛው ጊዜ ከሆነ ግን ወደ ስንብቱ ይገባል፤ ሁሉም ቀስ እያለ ይጠፋና ያልቃል። መምህር አስፋቸው ያንን ቦታ «መንታ መንገድ» ብለው ነበር የሚጠሩት። በየልምምዱ ዘንጋቸውን አቁመው «ልጆች፣ መንታ መንገዱን አደራ! ስንተኛው ጊዜ እንደሆነ አትርሱ» ይሉ ነበር። ነግረው ነግረው ተማሪዎቹ በሕልማቸው ሳይቀር ይሰሙት ጀመር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ኮንሰርቱ የተመራቂዎቹ የመጨረሻ ፈተናም ነበር። መምህር አስፋቸው ከመድረኩ በስተጀርባ ክራቫታቸውን ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ። ኖታው ብብታቸው ሥር ነው።

ሕሊና ቫዮሊኗን እየቃኘች አየቻቸው። «ጋሼ፣ እኔ ሙሉውን በቃሌ ነው የምጫወተው። እርስዎ ዛሬም ይዘውት ሊወጡ ነው?»

«ምን አለበት?»

«ምንም። የመጨረሻ ቀንዎ ስለሆነ ነው። ሕዝቡ ፊትዎን ቢያይ ብዬ ነው እንጂ።»

«ሕዝቡ የሚያየው ጀርባዬን ነው» አሉ መምህሩ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ከጎን ቆመው የባላቸውን ኮሌታ ያስተካክሉ ነበር። «ተዪው ልጄ፤ በሠርጋችን ቀን የኔን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ መዳፉ ውስጥ ይዞ ነበር፤ እንዳይሳሳት።»

የሰሙት ሁሉ ሳቁ። መምህር አስፋቸውም ሳቁ፤ ግን ነገሩ ልባቸው ውስጥ ገባ። ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ተደግፌ አንድ ቀን እንኳ በገዛ እግሬ ሳልሄድ ልወጣ ነው? አሉ። ኖታውን አዩት። ዳር ዳሩ ተልጦ፣ በእርሳስ ተሞልቶ፣ እያንዳንዱ ገጽ እንደ ቤታቸው ጓዳ የታወቀ ነው። ለወይዘሮ አልጋነሽ ሰጧቸውና ባዶ እጃቸውን ወደ መድረኩ ወጡ።

መጀመሪያው እንዴት ያማረ ነበር! ዓይናቸው ከወረቀት ነፃ ስለወጣ ተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። ቼሎ የምትጫወተዋ ግንባሯን ስትቋጥር፣ ትራምፔተኛው ጉንጩን ሲነፋ፣ ፍሬው በዓይኑ «አለሁ» ሲላቸው፣ ጉደታ ሩቅ ከበሩ አጠገብ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ። ይህን ሁሉ ዓመት ገጽ ስገልጥ ይህ ሁሉ አምልጦኝ ኖሯል አሉ በልባቸው። ሕሊና ዋናውን ዜማ ጀመረች። እንደዚያን ቀን አድርጋ ተጫውታው አታውቅም። መምህሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይህን ዜማ ዳግመኛ አልመራውም፤ ደህና ሁን የኔ ዜማ እያሉ፣ በሐሳብ ነጉደው ስንብት ውስጥ ገቡ።

በሐሳብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እጃቸውም አብሮ ገባ።

ሕሊና ረጅሙን ድምፅ ያዘች። መንታ መንገዱ ደረሰ፤ የመጀመሪያው ጊዜ። መምህር አስፋቸው፣ ያ ጥንቁቅ ሰው፣ መንታ መንገዱን አደራ እያሉ ሲጮሁ የኖሩት ሰውዬ፣ ግራ እጃቸውን ቀስ አድርገው ዝቅ አደረጉና ኦርኬስትራውን ወደ ስንብቱ መሩት።

ክላሪኔቶቹና ትራምፔቶቹ ዓይናቸው መሪው ላይ ነበርና ተከትለዋቸው ወደ ስንብቱ ገቡ። ቫዮሊኖቹና ቼሎዎቹ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነበርና ወደ ጭፈራው ዘለሉ። ግማሹ ሲያለቅስ ግማሹ ሲጨፍር፣ ልክ ለቅሶ ቤትና ሠርግ ቤት አንድ ግቢ የገጠሙ መሰለ። ከበሮ መቺው አንዴ መታና ዱላውን አየር ላይ ይዞ ቀረ። መምህር አስፋቸው ያደረጉት ነገር ገባቸው። የሚገልጡት ገጽ ፈለጉ፤ ፊታቸው ባዶ ነው። እጃቸው እንደተዘረጋ ደረቀ።

ያን ጊዜ ሦስቱ ያደረጉት እንዲህ ነው።

ሕሊና ሥርዓቱ ቢሆን የያዘችውን ድምፅ ጨርሳ ዝም ማለት ነበረባት። የሚፈትኗት መምህራን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ኖታ ዘርግተው በጣታቸው ይከተላሉ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፈነችና ያንን ድምፅ ሳትለቅ አጎላችው፣ ከኋላዋ ያለውን ጫጫታ ሁሉ እስክትሸፍነው ድረስ። ከዚያም ከራሷ አፍልቃ መጫወት ጀመረች። የተጻፈ ነገር አልነበረም። እንደ ወፍ ወጣች፣ እንደ ፏፏቴ ወረደች፤ ዜማውን አንዴ እንደ ጥያቄ፣ አንዴ እንደ ስድብ፣ አንዴ እንደ ሳቅ አደረገችው። ሕዝቡ የጠፋ ነገር መኖሩን ረሳ። እንዲያውም አንዲት ሴት ከመሃል እልል አለች።

ፍሬው ሥርዓቱ ቢሆን ዓይኑን ከመሪው ላይ መንቀል አልነበረበትም። መሪው ግን ደርቀዋል። ፍሬው መጀመሪያ ቫዮሊኑን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። አጠገቡ ያሉት እሱን አይተው አሳረፉ፤ እንዲህ እያለ ዝምታው ከወንበር ወደ ወንበር እስከ ኋላ ተላለፈ። ቀጥሎ ያላሰበውን አደረገ፤ ወንበሩን አዞረ። ጀርባውን ለመምህሩ፣ ፊቱን ለኦርኬስትራው ሰጥቶ ተቀመጠ። በፈታኞቹ ፊት ከዚህ የባሰ ድፍረት የለም። በሹክሹክታ «ጭፈራው! እኔን እዩ» አለ። ቃሉ ከአፍ ወደ ጆሮ እየዘለለ ከበሮ መቺው ዘንድ ደረሰ። ያ የተበተነ ሕዝብ እንደገና አንድ ሰው ሆነ፤ ሁሉም መሣሪያውን አንስቶ የፍሬውን ትንፋሽ መጠበቅ ጀመረ።

ትንፋሹ ግን አልመጣም፤ ምክንያቱም ሕሊና ርቃ ሄዳለች። ደስታው ይዟት ከባቲ ወጥታ ሌላ ቅኝት፣ አምባሰል ውስጥ ገብታለች። ጭፈራው በባቲ ነው፤ ከአምባሰል ተነስቶ ወደዚያ ዘልሎ መግባት አይቻልም፣ ቢገባ ሌላ ትርምስ ነው። እሷም ቀስ በቀስ ገባት። ኋላ ስትናገር «በሩን ዘግቼ ቁልፉን ውስጥ ረስቼ የወጣሁ ነው የመሰለኝ፤ ቤቴን አየዋለሁ፣ መግቢያ የለኝም» አለች። እያማረባት፣ እየጠፋች ነበር።

ጉደታ ሥርዓቱ ቢሆን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ነበረበት። ሰው ሁሉ ዝም ብሏል፤ ብቻውን መግባት ለእሱ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው፤ ስም ያወጡለት በእሱ ነው። ፈተናውም ያ ነው። ጉደታ ግን ደጋኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠና በጣቱ ወፍራሙን ክር ጫር አደረገ። ዱም። አንዲት ድምፅ፤ ጭፈራው የሚቆምባት መሠረት። ፍሬው ዓይኑን አፈጠጠበት። ጉደታ ላቡ እየወረደ ደገመው። ዱም፤ ዱም፣ ዱም። የጭፈራው እርምጃ ነው። ሕሊና ከአምባሰሉ ውስጥ ሆና ሰማችው። ጨለማ ውስጥ የቤቱን ውሻ ድምፅ እንደሰማ ሰው ፊቷን አዞረች። ያችን ድምፅ ተከትላ፣ አንድ አንድ እርምጃ እየወረደች፣ ወደ ባቲ ተመለሰችና በመጨረሻ በዚያችው ድምፅ ላይ አረፈች።

ያን ጊዜ ፍሬው ተነፈሰ። ኦርኬስትራውም አብሮ ተነፈሰና ጭፈራው ፈነዳ።

መምህር አስፋቸው ከድንጋጤያቸው የነቁት በዚያ ነጎድጓድ ነው። እጃቸው ተንቀሳቀሰ። መሪው ተመሪ ሆነው፣ ከልጆቹ ኋላ ኋላ እየሮጡ ደረሱባቸው። መምራታቸው ይሁን መጨፈራቸው አልታወቀም፤ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቶ ነበር። ዋናው ዜማ ሁለተኛ መጣ። መንታ መንገዱ ሲቃረብ ኦርኬስትራው ሁሉ ቀና ብሎ አያቸው፤ አንዱም ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። አሁን ስንብቱ ነው። ግራ እጃቸውን ቀስ አድርገው ዝቅ አደረጉ። ሁሉም ገባ። ሙዚቃው ቀስ እያለ፣ እየሳሳ፣ በሰላም አለቀ።

ጭብጨባው የሲኒማ ቤቱን ቆርቆሮ አነቃነቀው። የሕዝቡ ሁሉ ወሬ አንድ ነበር፤ «ያ ብቻዋን የተጫወተችበትና ከኋላ አንድ ሰው ዱም ዱም ያለበት መካከለኛው ክፍል! እንዴት ያለ ድርሰት ነው!»

ከፈታኞቹ አንዱ ግን ኖታውን እያገላበጡ ወደ መድረኩ መጡ። «መምህር አስፋቸው፣ ያ መካከለኛው ክፍል በእኔ ወረቀት ላይ የለም።»

«በእኔም ላይ የለም» አሉ መምህር አስፋቸው። ከዚያም የሆነውን ሳይደብቁ ነገሯቸው። ሰውዬው መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፣ ቀጥሎ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ፈታኞቹ ተማከሩና ሦስቱንም አሳለፏቸው። ዲግሪው ለሦስት ይበቃል። ቫዮሊኑ ግን አንድ ነው።

በሲኒማ ቤቱ ግቢ ለስላሳና ዳቦ ተዘርግቶ ነበር። መምህሩ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ሰው ሁሉ ከበበ። ሕሊና፣ ፍሬውና ጉደታ ተቃቅፈው ሲሳሳቁ ቆይተው፣ ሳጥኑን ሲያዩ ክንዳቸው ከየትከሻው ላይ ወረደ።

ሙሽሮቹ ቀደሙ። «ምን ክርክር አለው? የሕሊና ነው! እሷ ባትሸፍነው ሕዝቡ በዚያች ቅጽበት ጠፉ ብሎ ይስቅብን ነበር። ያልሞተ ነው የሚታከመው፤ እሷ ናት እንዳይሞት ያደረገችው።»

ትራምፔተኛው ከመንጋው በኩል ተነሳ። «ቆይ እንጂ! እሷማ ዓይኗን ጨፍና ወደ ሰማይ ሄደች፤ እኛን ማን ሰበሰበን? ያን ሁሉ ሰው፣ አንዱ ሲያለቅስ አንዱ ሲጨፍር፣ በአንድ ትንፋሽ ያስገባው ፍሬው ነው። ሙዚቃው ኮንሰርቶ እኮ ነው፤ ለአንድ ቫዮሊን ብቻ የተጻፈ መሰላችሁ?»

ከበሮ መቺው እጁን አወናጨፈ። «ፍሬውማ ተዘጋጅቶ ቁጭ አለ! መቼ ልትገባ ነበር፣ ፍሬው? ንገረና! እሷ ጠፍታ፣ አንተ ጠብቀህ፣ እስካሁን እዚያው ነበርን። መንገዱን ያሳያት ዶሮው ነው።»

«ዛሬማ ሲነጋ ነው የጮኸው!» አለች ክላሪኔት የምትጫወተዋ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ።

መምህር አስፋቸው ወደ ሦስቱ ዞሩ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ? ትሕትና አልፈልግም፤ እውነቱን።»

ሕሊና ቀድማ ተናገረች። «እውነቱን ካሉ እፈልገዋለሁ፣ ጋሼ። እኔ ባልጀምር እነሱ የሚያድኑት ነገር አይኖርም ነበር። ብጠፋም፣ የጠፋሁት ኦርኬስትራው እስኪሰበሰብ ጊዜ ስሰጥ ነው።»

ፍሬው ሸሚዙን አስተካከለ። «እኔም እፈልገዋለሁ። እሷ ሰውን አስደሰተች፤ እኔ ሰውን አሰባሰብኩ። ጀርባዬን ለእርስዎ መስጠት እንዴት እንደከበደኝ እግዜር ያውቃል። የእሷ ስህተት በጭብጨባ ይታለፋል፤ የእኔ ባይሳካ ኖሮ ንቀት ይባል ነበር።»

ጉደታ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ጣት ነው። ግን ጋሼ፣ ከዳር ያደረሰው ማን ነው ብለዋል። እነሱ መሃል ላይ ነበሩ። ዳሩ የት መሆኑን የሰማሁት እኔ ነኝ።»

«አይ ጉደታ!» አለች ሕሊና እየሳቀች። «ዝምተኛ ነው ስንል!»

«ካልሽስ፣ አንቺ ባትጫወቺ ለማን ነበር ዱም የምለው? እሱንም አውቃለሁ» አለ ጉደታ።

«አያችሁ!» አለ ፍሬው።

«አንተ ባታዘጋጃቸውም እኔ ብቻዬን ዱም እንዳልኩ እቀር ነበር። እሱንም አውቃለሁ። ቢሆንም እፈልገዋለሁ» አለና ጉደታ ዳቦውን ገመጠ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ያንን ኖታ እንዳቀፉ ነበሩ። «እኔ ብሆን ለአስፋቸው መልሼ እሰጠው ነበር፤ እሱ ባይሳሳት ማን ምን እንደሆነ በምን ይታወቅ ነበር?» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

መምህር አስፋቸው ግን አልሳቁም። ጥንቁቅ ሰው ሲደሰትም ይጨነቃል። በሐሳባቸው አንዱን ሲያነሱ ሌላው ይከብዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሕሊናን ከኪስሽ አትጨምሪ ብለው ነበር፤ ጨመረች። ፍሬውን ዓይንህን አትንቀል ብለው ነበር፤ ነቀለ። ጉደታን ብቻህን አትግባ ብለው ነበር፤ ገባ። ሦስቱም ሕጋቸውን አፈረሱ፣ ሦስቱም እሳቸውን አዳኑ። ያንን ቫዮሊን ሦስት ቦታ መሰንጠቅ አይቻል፤ በየተራ ይዋሱት ቢባልም፣ ሕሊና ወደ ደቡብ፣ ፍሬው ወደ ሰሜን፣ ጉደታ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄዱት፤ ድምፁም በአንድ እጅ ካልኖረ ይተኛል። ቃላቸውም ቃል ነው፤ በሁሉም ፊት ተናግረዋል፤ ከዳር ላደረሰው ለአንዱ ብለዋል።

ሳጥኑን ከፈቱ። ቫዮሊኑን በአንገቱ ይዘው አወጡት። ፀሐይ ከሐይቁ በኩል ቀለሙ በለቀቀበት ቦታ ላይ አረፈች። ሕሊና ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ፍሬው ትንፋሹን ያዘ፤ ጉደታ ማኘኩን አቆመ። መምህር አስፋቸው እጃቸውን ዘረጉ።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ፣ ተከራከሩ፣ ግን እንደ ዳኛ ሁኑ። ሙዚቃው እንዳይሞት በድፍረቷ የያዘችው አለች፤ የተበተነውን ሰው አንድ ያደረገው አለ፤ የጠፋችውን በአንድ ጣት ወደ ቤቷ የጠራት አለ። አንዳቸው ቢጎድሉ ሙዚቃው ከዳር አይደርስም ነበር። የተዘረጋው እጅ የእናንተ ቢሆን፣ ቫዮሊኑ የሚገባው ለማን ነው?